ለጀማሪ ጠላቂ የመጀመሪያው ሻንጣ

በእንዲህ ያለው ዓምድ ስለ ልጆች አመጋገብና ስለ ወር አስቤዛ ማንበብ ስለለመዳችሁ፣ ዛሬ ስለ ባሕር ጠላቂ ዕቃ ላወጋችሁ ስነሣ «ባሕሩ የት አለንና!» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ አገራችን የባሕር ጠረፍ የላትም። ይሁን እንጂ የአዋሽን ሸለቆ ይዞ የሚወርደው አውራ ጎዳና በአዋሽ ሰባት ኪሎ፣ በሚሌና በሰመራ አልፎ ጋላፊ ላይ ድንበሩን ይሻገርና ጅቡቲ ከባሕሩ ዳር ያደርሳል። የከባድ መኪና ሾፌሮቻችን ሌትና ቀን የሚመላለሱበት መንገድ ነው። እኔም የጠላቂነት ምስክር ወረቀቴን ለማግኘትና፣ ካገኘሁም በኋላ ለመጥለቅ የተመላለስኩት በዚሁ መንገድ ነው።

ምስክር ወረቀቱ እጅ ሲገባ ግን አዲስ የወጪ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ጀማሪዋ ጠላቂ የዕቃ መደብሩን መደርደሪያ ስታይ ሁሉም ነገር የግድ የሚያስፈልጋት ይመስላታል። ሻጩም ይህንኑ ያውቃል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ እገዛለሁ ያለች ሠራተኛ የብዙ ወር ደመወዟን ትጨርሳለች፤ ከዕቃውም አብዛኛው ዓመቱን ሙሉ አልጋ ሥር ሲተኛ ይከርማል። ስለዚህ እኔ የያዝኩት ደንብ ቀላል ነው፤ ፊትንና እግርን የሚነካውን መግዛት፣ አየር የሚይዘውንና የሚያስተላልፈውን መከራየት። የእጅ ሰዓት የምታህለውን የጠላቂ ኮምፒዩተር ግን ከዚህ ደንብ ለይቼ አያታለሁ፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚገዛው ማስክ ነው። በመዋኛ ገንዳ የምናውቃት ትንሿ የዋና መነጽርና የጠላቂ ማስክ አንድ አይደሉም። መነጽሯ ዓይንን ብቻ ስትሸፍን ማስኩ አፍንጫንም ይጨምራል። ይህም ያለ ምክንያት አልተደረገም። ሰው 10 ሜትር ያህል ወደ ታች ሲወርድ በሰውነቱ ላይ የሚያርፈው ግፊት ከውሃው በላይ ካለው እጥፍ ይሆናል። በማስኩ ውስጥ ያለው አየር ይጨመቅና ማስኩ ፊት ላይ ይጣበቃል፤ ያን ጊዜ ጠላቂዋ በአፍንጫዋ ጥቂት አየር ለቀቅ በማድረግ ታስተካክለዋለች። አፍንጫን የማይሸፍን መነጽር አድርጎ የወረደ ሰው ግን ይህን ማድረግ ስለማይችል፣ መነጽሩ ዓይኑን እንደ ዋግምት ይስበዋል። ልጆቻችሁ የዋና መነጽር አድርገው «ጥልቁ ውስጥ እንግባ» ሲሏችሁ ይህንን አስታውሱ።

ማስክ የሚመረጠው በቀለሙ ወይም በስሙ አይደለም፤ ፊትን በመግጠሙ ነው። ፈተናው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ማሰሪያውን ወደ ፊት መልሳችሁ ማስኩን ፊታችሁ ላይ አስቀምጡት፤ በአፍንጫችሁ ጥቂት አየር ሳቡና እጃችሁን ልቀቁ። ትንፋሻችሁን ይዛችሁ እስከቆያችሁ ድረስ ካልወደቀ ገጥሟችኋል፤ ከአንድ ጎን አየር ካስገባ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢቀንስ ተዉት። ከዚያም የመተንፈሻውን ጫፍ አፋችሁ ውስጥ አድርጋችሁ ድገሙት፤ አፍ ሲከፈት የጉንጭና የከንፈር ቅርጽ ይለወጣልና። አፍንጫችሁንም ከውጭ በሁለት ጣት ለመያዝ መቻላችሁን እዩ። ጆሮ ሲደፈን የሚከፈተው በዚያ ነው።

ሎጊያ ውስጥ አንድ ሱቅ ገብቼ ከጅቡቲ የመጣ ነው የተባለ ማስክ አንሥቼ ነበር። መስተዋቱ ፕላስቲክ፣ ዙሪያው ደግሞ እንደ ጎማ ጫማ የደረቀ ነው። ባለሱቁ «ለሁሉም ይሆናል፣ እህቴ» አለኝ። ለሁሉም የሚሆን ማስክ እስከ ዛሬ አላየሁም። ይህ ልጆች በገንዳ ዳር የሚጫወቱበት ዕቃ ነው፤ ለጠላቂ የሚሆነው መስተዋቱ የተጠናከረ፣ ፊት ላይ የሚያርፈው ጠርዝ ለስላሳ ሲሊኮን የሆነ ነው። ፊትን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነውና በየመዝናኛው የምናየው አዲሱ የስኖርክል ማስክም ከውሃው ገጽ ላይ ሆኖ ለማየት እንጂ ለመጥለቅ አልተሠራም።

እዚህ ላይ የቤተሰብ ነገር ልጨምር። ወንድም ወይም ባል ከዱባይ ሲመለስ ማስክ ገዝቶ ቢያመጣ ደስ ይላል፤ ነገር ግን የሌላ ሰው ፊት በግምት አይለካም። ስጦታ መስጠት የፈለገ ገንዘቡን ይስጥ።

ስለ ፀጉር የወንድ አስተማሪዎች ብዙም አይነግሩንም። በማስኩ ጠርዝ ሥር የገባች አንዲት ዘለላ ፀጉር ለውሃ መንገድ ትከፍታለች። ሹሩባ የምትሠራ ሴት ለጉዞው ሳምንት ወደ ኋላ የተጎነጎነና ከግንባር የራቀ ሹሩባ ብትሠራ ይሻላታል፤ ማሰሪያውም ፀጉሯን እንዳይጎትት በጨርቅ ይሸፈን። ቅቤ የተቀባ ፀጉርና ቅባት የበዛበት ፊት ማስኩን ያንሸራትተዋል፤ ስለዚህ ቅባቱ ከባሕር መልስ ይቆይ። የዓይን መነጽር የምታደርጉ ደግሞ በዓይናችሁ ቁጥር የተሠራ መስተዋት የሚገጠምላቸው ማስኮች ስላሉ «ለእኔ አይሆንም» ብላችሁ አትቅሩ።

ስኖርክል ቀላል ነገር ነው። ያለ ብዙ መላ የተሠራ፣ ለአፍ የሚመች ቱቦ ይበቃል። የእግር መቅዘፊያው ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ ጫማ ባዶ እግርን ሙሉ በሙሉ የሚያስገባ ሲሆን፣ ሁለተኛው ተረከዙ ክፍት ሆኖ በማሰሪያ የሚጠብቅና ከውስጡ ወፍራም የውሃ ጫማ የሚደረግበት ነው። የጅቡቲ ዳርቻ ብዙው ድንጋይና የኮራል ስባሪ ስለሆነ እኔ ሁለተኛውን መርጫለሁ፤ ከጀልባ ብቻ ለምትጠልቅ የመጀመሪያው ይበቃታል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ረጅሙና ጠንካራው መቅዘፊያ ፈጣን ይመስላል፤ ጭኗ ለዚያ ላልለመደ ሴት ግን በግማሽ ሰዓት ውስጥ የባት ቁርጠት ነው የሚያተርፍላት።

ተንሳፋፊ ጃኬቱን፣ አየሩን ከሲሊንደሩ ወደ አፍ የሚያደርሰውን ሬጉሌተርና ሲሊንደሩን ራሱን ተከራዩ። ሬጉሌተር ገዝቶ ማስቀመጥ ብቻ አይበቃም፤ በየጊዜው ዕውቀቱ ባለው ባለሙያ ተፈትቶ መታደስ ይፈልጋል። በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ለምትጠልቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ ኪራዩ ያዋጣታል። ስትከራዩ ግን ዓይናችሁን ክፈቱ፤ ጃኬቱን ነፍታችሁ አየር እንደማያስወጣ እዩ፣ ከሬጉሌተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንፍሱ፣ የአየሩንም ጠረን አሽትቱ። ንጹሕ አየር ሽታ የለውም፤ ዘይት ወይም ጭስ ከሸተታችሁ ሲሊንደሩን መልሱት። ጃኬቱ ለሴት አካል የተቆረጠ ካላቸው ጠይቁ፤ ሰፊ ጃኬት ውሃው ላይ ሲደርሱ ወደ ጆሮ ይወጣል። የጠላቂ ልብስ ነገር አያስጨንቅም፤ በዚያ ሞቃት ባሕር ስስ ልብስ ይበቃል። ፈጽሞ ያለ ልብስ ግን አይሆንም፤ ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ይወስዳል።

ፊሽካና በአየር የሚነፋ ብርቱካንማ የምልክት ፊኛ ግን በራሳችሁ ገንዘብ ግዙ። ሁለቱ ተደምረው በጣም ርካሽ ናቸው። ማዕበል ባለበት ቀን አንድ ጥቁር ጭንቅላት ከጀልባ ላይ አይታይም።

አሁን ወደ ኮምፒዩተሩ ልምጣ። ይህች ዕቃ ጥልቀትንና ደቂቃን እየቆጠረች ጠላቂዋ በሰውነቷ ውስጥ ምን ያህል ናይትሮጅን እንዳጠራቀመች ታሰላለች። በግፊት ውስጥ የምንተነፍሰው አየር ናይትሮጅኑ በደማችንና በሥጋችን ይሟሟል። ቀስ ብለን ከወጣን በሳንባ በኩል ይወጣል፤ ከተቻኮልን ግን የለስላሳ ጠርሙስ በድንገት ሲከፈት እንደሚሆነው አረፋ ይሠራል። ከዚህ የሚመጣው ሕመም መገጣጠሚያን ይቆረጥማል፣ አካልን ያደነዝዛል፣ ከዚያም የከፋ አለው። ለዚህም ነው በደቂቃ ከ9 ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት ወጥተን 5 ሜትር ላይ ለሦስት ደቂቃ የምንቆመው።

ይህ ለሁሉም ጠላቂ የሚነገር ነው። ለእኛ ለደጋ ሰዎች ግን ከዚህ የሚጨመር ነገር አለ። ጅቡቲ ከባሕሩ ጠርዝ ላይ ናት። ሰመራ ከባሕር ጠለል ከ400 ሜትር ትንሽ ከፍ ትላለች፤ አዋሽ ሰባት ኪሎ ወደ 1000 ሜትር ትጠጋለች፤ አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። የአውሮፕላን ክፍል ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ራሱ በአብዛኛው ከ1800 እስከ 2400 ሜትር ከፍታ ካለው ጋር የሚመሳሰል ነው። እንግዲህ ጠልቃ በመኪና ወደ ቤቷ የምትመለስ አዲስ አበቤ በአውሮፕላን ከሚሄደው ጋር አንድ ናት ማለት ነው፤ ያውም በእግረ መንገድ። ዓለም አቀፉ ምክር አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ወይም ለተከታታይ ቀናት ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ይቆይ ይላል። እኔ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት እጨምራለሁ። ፈቃድ ስትሞሉ ይህን ቀን ቁጠሩት፤ «ሰኞ ሥራ ገብቼ» ብሎ እሑድ ጠዋት ጠልቆ ከሰዓት በኋላ መንገድ መጀመር አይቻልም። የሾፌሩም ጥድፊያ፣ የባልም ስልክ፣ የልጅ ፈተናም ይህን አይለውጠውም። ነፍሰ ጡር የሆነች ደግሞ እስክትወልድ ድረስ ፈጽሞ አትጠለቅ፤ ይህም ዓለም አቀፍ ምክር ነው።

ዕቃችሁን ይዛችሁ አዋሽ ስትደርሱ «እስቲ እዚህ እንሞክረው» የሚል ሐሳብ ይመጣል። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ያለው ፍል ውሃ ሰማያዊና ጥርት ያለ ነው፤ ዘንባባውም ሲታይ ያማልላል። ነገር ግን ውሃው ትኩስ ነው፣ የአዋሽ ወንዝም ድፍርስና የአዞ መኖሪያ ነው። ከዚያም ሌላ ከባሕር ጠለል ከ300 ሜትር በላይ ያለ ውሃ ውስጥ መጥለቅ የራሱ ሥልጠናና ስሌት አለው፤ ለዚህም ነው የቢሾፍቱ ሐይቆች ለጀማሪ የማይመከሩት። ማስክ መሞከር ካስፈለገ በመዋኛ ገንዳ ይበቃል። ለነገሩ በዚያ አካባቢ የሚያስደንቀው ሌላ ነው፤ ከሰመራ ወደ ሰሜን ያለው የዳናክል ዝቅታ አንድ ጊዜ በቀይ ባሕር ውሃ ተሸፍኖ እንደነበር በደረቁ ምድር ላይ የቀረው የኮራል ድንጋይ ይመሰክራል። ባሕሩ ቀደም ብሎ መጥቶ ሄዷል።

ሚሌ ኬላ ላይ ሻንጣዬን የከፈተው ወጣት መቅዘፊያዎቼን አገላብጦ «ይሄ የዳክዬ እግር ምን ሊሠራልሽ ነው?» ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። የገዛችሁበትን ደረሰኝ አብራችሁ ያዙ፤ ስትመለሱ ዕቃው የንግድ ሳይሆን የግል መሆኑን ለማስረዳት ይጠቅማል።

ከዚያ ወዲያ ጠላቱ ሙቀት ነው። በሰመራ ቀትር መስኮቱ ተዘግቶ የቆመ መኪና ምጣድ ነው። በመኪናው መስተዋት ሥር የተተወ ማስክ ጠርዙ ይጣመማል፤ የኮምፒዩተሩም ባትሪ ይጎዳል። ማስኩን ከገዛችሁበት ጠንካራ ሳጥን ሳታወጡ በልብስ መካከል አስቀምጡት፤ መቅዘፊያዎቹንም ሳታጥፉ ዘርጉ። ከባሕር ስትመለሱ ጨው ሳይደርቅ በንጹሕ ውሃ መታጠብ አለባቸው። እኔ ሰመራ ያረፍኩበት ቤት ውሃ በጀሪካን ይገዛል፤ ባለቤቷ፣ ልጆች ያሳደጉ የአፋር እናት፣ ዕቃዬን በቧንቧ ሥር ለማጠብ እንዳሰብኩ ሲያዩ ግማሽ ሳፋ ውሃ አምጥተው «ይሄ አይበቃሽም?» አሉኝ። በቃኝ። መጀመሪያ ኮምፒዩተሩን፣ ቀጥሎ ማስኩን፣ በመጨረሻም የእግሩን ጫማና መቅዘፊያ ነከርኩ፤ ከዚያ በጥላ ሥር ሰቀልኳቸው። ሳፋው ውስጥ የቀረውን ውሃ ባለቤቷ ግቢውን ረጩበት።