ቤዙን የሰማሁት ቦንጋ ነው

ጎጀብን እንደተሻገርን ዝናቡ ጀመረ። የሚኒባሱ የኋላ ወንበር ተነስቶ በቦታው በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ትልቅ ሣጥን ተቀምጧል። ታናሹ ልጄ መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ዞር ብሎ ያየዋል። አራስ ይዞ የሚጓዝ አባት መሰለኝ።

ሣጥኑ የቤዝ ጊታር አምፕሊፋየር፣ ማለትም የድምፅ ማጉያ ነው። ልጄ በሒሳብ ሥራ ተመርቆ ጥቂት ዓመት ከሠራ በኋላ ሥራውን ትቶ አምስት ልጆች ካሉበት ባንድ ጋር ይጫወታል። የሚጫወቱት ብሉዝና ትዝታ ነው። ብሉዝ የአሜሪካ ደቡብ ጥቁር ሕዝቦች ብሶታቸውን የሚያወጡበት ዜማ ነው፤ በትዝታ ያደገ ሰው ሲሰማው ብዙ እንግዳ አይሆንበትም።

ጠባችን የተጀመረው ዕቁብ የደረሰኝ ሰሞን ነው። ብሩን ለሚያፈሰው ጣሪያ ቆርቆሮ አስቤው ነበር። ልጄ ግን «እማዬ፣ አበድሪኝ። ቫልቭ አምፕሊፋየር ልግዛ» አለኝ። ቫልቭ ሲል እኔ የማውቀው የልብ ቫልቭ ነውና ደነገጥኩ። ስቆ አስረዳኝ። የድሮ ሬዲዮ ጀርባው ሲከፈት እንደ አምፖል የሚበሩ የመስታወት ቱቦዎች አይታዩም ነበር? እነሱ ናቸው። ቱቦው ውስጥ ያለው ብረት ሲግል ኤሌክትሮን ይለቃል፤ ከጊታሩ የሚመጣው ደካማ ምልክት ያን ፍሰት እየከፈተና እየዘጋ ያጎላዋል። ከልብ ቫልቭ ጋር የሚመሳሰልበት ነገርም አለው፤ ፍሰቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ትራንዚስተር ከመጣ ወዲህ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ቱቦን ትተዋል። ሙዚቀኞች ግን እስካሁን ይፈልጉታል፤ ምክንያቱም ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ድምፁ እንደ መሰንጠቅ ሳይሆን ቀስ ብሎ እንደ መሻከር ይሆናል። ብሉዝ የሚወደው ያንን ሻካራነት ነው።

«ዋጋውስ?» አልኩት። የነገረኝ የቆርቆሮውን ብር ሁሉ ጨርሶ ሌላም የሚጨምር ነበር።

መልስ ሳልሰጠው ሰነበትኩ። በዚህ መካከል የድሮ ባልደረባዬ የልጁን ሠርግ ጥሪ ከቦንጋ ላከልኝ። ሙሽራው የልጄ ባንድ ሲጫወት አዲስ አበባ ሰምቶ ወድዶት ስለነበር ባንዱም ተጠራ። ልጄ ከጓደኛው ባለ 100 ዋት ቫልቭ አምፕሊፋየር ተዋሰ። እኔም አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጥኩ። «ቦንጋ ደርሶ ይመለስ፤ ከዚያ እንነጋገራለን» አልኩት። ለማንኛውም ብለን ሦስት ኪሎ የማይሞላ ትንሽ ዘመናዊ ማጉያም ያዝን።

ቦንጋን ያወቅኋት በ1973 ዓ.ም ነው። ከነርስ ትምህርት ቤት በዲፕሎማ እንደወጣሁ ወደ ከፋ ተመደብኩ። ያኔ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ጅማ ነበረች፤ ከጅማ ቦንጋ ያለው መቶ ኪሎ ሜትር ከጥቂት በላይ መንገድ በክረምት ቀኑን ሙሉ ይፈጅብን ነበር። ዛሬ ከአዲስ አበባ ተነስተን 450 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ከመምሸቱ በፊት ገባን። ያቺ በጭጋግ የተሸፈነች ትንሽ ከተማ ዛሬ በ2014 ዓ.ም የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ናት። ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ብሔራዊ የቡና ሙዚየምም አላት። ዳገትና ቁልቁለቷ፣ ዝናቧና ከእንሰቱ ጀርባ የሚጀምረው ጫካ ግን ያው ናቸው። ይህ ጫካ፣ በጥላው ሥር የዱር ቡና የሚበቅልበት፣ በ2002 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል።

በዚያ ዘመን ከሁሉ በላይ የምጨነቅለት ነገር የክትባት ፍሪጅ ነበር። የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም በአገራችን በ1972 ዓ.ም ስለተጀመረ ሥራው ገና ለጋ ነበር። ፍሪጁ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ሳይሆን በላምባ ነው፤ ከሥሩ እሳት ይነድዳል፣ ከላይ ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መካከል ይቀዘቅዛል። ነበልባሉ ሰማያዊ ካልሆነና ቢጫ ሆኖ ካጨሰ ክሩ መጽዳት አለበት። ክሩ ካለቀ ደግሞ ቦንጋ ውስጥ አይገኝም፤ ጅማ ይላካል። ሌሊት በባትሪ መብራት እየሄድኩ ነበልባሉን አይ ነበር። በዚያ ሥራ አንድ ነገር ተምሬአለሁ። ዕቃ ጥሩ የሚባለው ፋብሪካ ላይ ባለው ጥራት ብቻ አይደለም፤ ሲበላሽ በሚገኝበት ቦታ ማን ይጠግነዋል የሚለውም ነው።

የመልሱ ምሽት ደረሰ። አዳራሹ ዳገት ላይ ነው፤ ደረጃም አለው። የማጉያው ራሱ ከ20 ኪሎ በላይ ነው፤ የስፒከሩ ሣጥን ደግሞ ከዚያ ይከብዳል። ልጄና ከበሮ መቺው ዝናብ እየመታቸው ሲሸከሙ ዓይኔ ወገባቸው ላይ ነበር። በሥራ ዘመኔ ወገባቸውን ይዘው እያቃሰቱ የሚመጡ ተሸካሚዎችን ብዙ አይቻለሁ። ጉልበታችሁን አጥፋችሁ አንሱ፣ ወገባችሁን አትጠምዝዙ እያልኩ ተከተልኳቸው።

ከዚያ ሶኬቱን አየሁ። ልጄ የያዘው ማከፋፈያ ሦስተኛው ሽቦ፣ የመሬት ሽቦው፣ የለውም። እዚህ ላይ እናትም ነርስም ሆኜ ተቆጣሁ። ቫልቭ ማጉያ ውስጥ ከ400 ቮልት በላይ ይዘዋወራል፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ እንኳ ውስጡ ያለው ኃይል ቶሎ አይጠፋም። የመሬት ሽቦ በሌለበት፣ እርጥብ ጫማ ያደረገ ልጅ አንድ እጁን የጊታሩ ክር ላይ አድርጎ በከንፈሩ ማይክ ቢነካ ሊሞት ይችላል። ባልደረባዬ ሰው ልኮ ባለ ሦስት ሽቦ ማከፋፈያ እስኪመጣ ድረስ ጨዋታው አልተጀመረም። «ሲስተር፣ አሁንም አልተለወጥሽም» ብሎ ሳቀብኝ።

ጀመሩ። መጀመሪያ ትዝታ ነበር።

ይህን የምጽፈው ትንሽ እያፈርኩ ነው። ልጄ ቤዝ መጫወት ከጀመረ ዓመታት ቢያልፉም ምን እንደሚጫወት ሰምቼ አላውቅም ነበር። በስልክ ቀረጻ ያሰማኛል፤ እኔ የምሰማው ዘፋኙን ነው። ለካ ጥፋቱ የጆሮዬ ብቻ አልነበረም። የቤዝ ጊታር የመጨረሻው ወፍራም ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ነው የሚርገበገበው፤ ያን ዝቅተኛ ድምፅ የስልክ ስፒከር ጨርሶ አያወጣውም። በ1970ዎቹ ቦንጋ ሳለሁ በድንጋይ ባትሪ በምትሠራ ትንሽ ቴፕ የሮሃ ባንድን ካሴቶች ሌት ተቀን እሰማ ነበር። ለሮሃ ቤዝ የሚጫወተው ጆቫኒ ሪኮ ነበር። ስሙን ያወቅሁት ግን ልጄ ከነገረኝ በኋላ ነው። ካሴቱን በቃሌ ሳውቅ የእሱን እጅ አልሰማሁትም።

ያን ምሽት ግን ድምፁ ከወለሉ ተነስቶ በእግሬ በኩል ወደ ደረቴ ገባ። ሌላው ሁሉ የሚቆምበት መሠረት እሱ ነው። ልጄ አንድ ድምፅ ሲያዘገይ ዘፋኙም ይዘገያል፤ እሱ ሲረግጥ ሰው ሁሉ ይረግጣል። ቱቦዎቹ ከማጉያው ጀርባ ብርቱካንማ ሆነው ይበራሉ። «ለዚህ ነው እንዴ ሥራውን የተወው?» አልኩ በልቤ።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ መብራቱ ደብዘዝ አለ፤ የቤዙም ድምፅ ሳሳ። ጥቂት ቆይቶ ጠፋ። ጄኔሬተር ተነሳ፤ ቮልቱ ግን ከፍ ዝቅ እያለ አምፖሎቹ ያጣቅሱ ነበር። ልጄ ማጉያውን አብርቶ እስኪሞቅ ጠበቀ። መጫወት ሲጀምር ከአራቱ ትልልቅ ቱቦዎች የአንዱ ውስጥ ብረት ፍም መሰለ። ሮጦ አጠፋው። ትርፍ ቱቦ አልያዘም። ቦንጋ የለም፤ ጅማም መኖሩን እንጃ።

ትንሿን ማጉያ ከቦርሳ አወጡ። ከዚያው ስፒከር ጋር አገናኟት፤ ጨዋታው እስከ ሌሊት ቀጠለ። ድምፁ እንደ መጀመሪያው ነበር? አልነበረም፤ ትንሽ ደረቅ ብሎብኛል። ጣቶቹ ግን ያው ነበሩ። ከሚጨፍረው ሰው አንድም ቆሞ «ቱቦው የት ሄደ?» ያለ የለም።

በማግሥቱ ባልደረባዬ ቤት ቡና ተፈልቶ፣ ቆጮና ማር ቀርቦ ተቀመጥን። ልጄ ከንፈሩን ጥሏል። ጣሪያውን አንስቼ ልወቅሰው እችል ነበር። «ትናንት ሰማሁህ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ስለ ዕቃው የተነጋገርነው ከዚያ በኋላ ነው። በእርጋታ ሲያወራ ከእኔ ይልቅ እሱ የተሻለ እንደሚያውቅ ገባኝ።

የቤዝ ቫልቭ ማጉያ ታሪኩ የክብደት ታሪክ ነው አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው ፌንደር ቤዝማን ለቤዝ ተሠርቶ፣ ከጊዜ በኋላ ይበልጥ የወደዱት የጊታር ተጫዋቾች ሆኑ። ለቤዝ ብዙ ኃይል ያስፈልጋልና እ.ኤ.አ. በ1969 የመጣው አምፔግ ኤስ ቪ ቲ 300 ዋት ሆነ፤ 14 ቱቦ ያለው፣ ራሱ ብቻ ወደ 40 ኪሎ የሚጠጋ። እነ ሮሊንግ ስቶንስ ይዘውት ዞረዋል፤ ግን የሚሸከምና የሚጠግን ሠራተኛ አብሯቸው ነበር። ልጄ ያለው አንድ ከበሮ መቺ ነው።

እኔም የፍሪጁን ነገር ነገርኩት። አብረን የደረስንበት ይህ ነው። በመጀመሪያ ጥሩ የስፒከር ሣጥን ይገዛ፤ ድምፁን አየር ላይ የሚያወጣው እሱ ነውና ደካማ ስፒከር የትኛውንም ማጉያ ያዋርዳል። ማጉያው ቀላል ዘመናዊ ይሁን፤ ከፊቱ ግን አንድ ትንሽ ቱቦ ያለበት ማጣፈጫ ይቀመጥ። ሙሉውን የቫልቭ ድምፅ አይሰጥም፤ ትንሽ ሻካራነቱን ግን ይሰጣል፣ ትርፍ ቱቦውም ኪስ ውስጥ ይያዛል። ትልቁ ቫልቭ የሚገዛ ቢሆን አንድ ቦታ ተቀምጦ ለሚሠራበት፣ ጠጋኝ ላለበት፣ ስታቢላይዘር ለሚገጠምበት ቤት ነው። ያን ጊዜም ስፒከሩ ሳይያያዝ እንዳይበራ፣ የስፒከሩና የማጉያው ኦም እንዲገጥም መጠንቀቅ ነው፤ አለዚያ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል።

አንድ ነገር ጨመርኩ፤ የጆሮ መድፈኛ። 85 ዴሲቤል ድምፅ በቀን እስከ ስምንት ሰዓት ይቻላል፤ ሦስት በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ከጨዋታ በኋላ ጆሮ ጭው ካለ ማስጠንቀቂያ ነው፤ የሞተ የመስሚያ ሕዋስ ተመልሶ አይበቅልም። ይህ ለሙዚቀኛ ብቻ አይደለም። በዚያ ሠርግ ሁለት አያቶች ሕፃን አቅፈው ከስፒከሩ ሥር ተቀምጠው አግኝቼ ቦታ አስቀይሬአለሁ። እናንተም በየሠርጉ ይህን አድርጉ። ሕፃን በጩኸት መሃል እንቅልፍ ቢወስደው ጆሮው ዳነ ማለት አይደለም።

የተበላሸውን የጓደኛውን ቱቦ በመጀመሪያ ተካን፤ ዕዳ ነውና። ከዚያ ሣጥኑና ትንሿ ማጉያ ተገዙ፤ ከዕቁቡ ብር የተረፈው ለጣሪያው ግማሽ ቆርቆሮ በቃ። በአዲሱ ጎን አያፈስም። በአሮጌው ጎን ባልዲ አስቀምጣለሁ፤ ልጄ ሲለማመድ ያ አሮጌ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። የትኛው ክር ሲመታ እንደሆነ አሁን አውቀዋለሁ።