የማይታየው ደብተር

የሰው ልጅ ኑሮ ያለ መተማመን አይጸናም። የጎደለውን ከሌላው ወስዶ በቀጠሮው ቀን የሚመልስ ሰው ከገንዘቡ ይልቅ ስሙ ይበልጥበታል። ይሁን እንጂ መታመን ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ አለ። የታማኝነቱ ማስረጃ በሌላ ሰው እጅ ተጽፎ የሚኖር ከሆነ፣ የተጻፈው ነገር ትክክል መሆኑንም መመርመር ያስፈልጋል። የአንዲት ሴት ገጠመኝ ይህንኑ ያስረዳል።

ይህች ሴት ከደብረ ብርሃን ወጥታ በአሜሪካ አገር፣ በቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት፣ በአሌክሳንድሪያ ከተማ መኖር ከጀመረች 11 ዓመት ሆኗታል። የምትሠራውም በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። በመጣች በዓመቱ 300 ዶላር በመያዣነት አስቀምጣ የመጀመሪያዋን የብድር ካርድ ከባንክ አወጣች። ቀጥላም መኪና በብድር ገዝታ 60ውንም የወር ክፍያ አንድ ቀን ሳታሳልፍ ከፍላ ጨረሰች። ከዚያ ወዲህ የማንም ዕዳ አልነበረባትም።

አረጋዊት እናቷ ጠቅልለው ወደ እርሷ በመጡ ጊዜ በቤቷ የነበረው አልጋ አንድ ብቻ ነበር። እርሱን ለእናቷ ለቅቃ ራሷ ብርድ ልብስ አንጥፋ መሬት መተኛት ጀመረች። ሳምንት ሳይሞላ እናቲቱ፣ «አንቺ መሬት ተኝተሽ እኔን እንቅልፍ አይወስደኝም» ስላሉ ሁለቱ አብረው ወደ አንድ የቤት ዕቃ መደብር ሄዱ። በመደብሩ በር ላይ፣ ዕቃውን ዛሬ ወስዶ ዋጋውን በ12 ወራት ውስጥ ያለ ወለድ መክፈል እንደሚቻል የሚገልጽ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። ከነፍራሹ 900 ዶላር የሚያወጣ አልጋ መረጡ።

ሻጯ ወጣት ስሟንና አድራሻዋን፣ የደመወዟንም ልክ ጠይቃ በኮምፒዩተር መዘገበች። መልሱ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። «አዝናለሁ፤ ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም» አለቻት። ምክንያቱን ብትጠይቃት፣ «ለእኛ አይነገረንም፤ ደብዳቤ ይደርስዎታል» ብላ ወደሚቀጥለው ተረኛ ተመለከተች። ልጅቱ ፊቷ ቀላ። ቋንቋውን የማያውቁት እናቷ፣ «ምን አለችሽ?» ብለው ቢጠይቋት፣ «አልጋው አልቋል አለችኝ፣ እማዬ» ስትል መለሰች። አልጋዎቹ ግን ከፊታቸው በረድፍ ተደርድረው ይታዩ ነበር።

ማታ ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ከተቀዳ በኋላ እናቲቱ ዝምታውን ሰበሩ። «ልጄ፣ አልጋውማ ሞልቷል፤ የከለከሉሽ ዱቤ ነው፣ አይደለም?» አሉ። ልጃቸው አንገቷን ደፋች። «ዕዳሽን ሳትከፍይ የቀረሽበት ጊዜ አለ?» «የለም፣ እማዬ።» «እንግዲያውስ የሚታፈረው በምኑ ነው? ደብተሩን አየሽው?»

እናቲቱ ይህን ያሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። ልጆቻቸውን ያሳደጉት ከወር እስከ ወር ከሰፈሩ ሱቅ በዱቤ እየወሰዱ ነው። ባለሱቁ ስኳሩን፣ ሳሙናውንና ነጭ ጋዙን በደብተሩ ይመዘግባል። ፊደል ያልቆጠሩት እናት ደግሞ ለወሰዱት ዕቃ ሁሉ በጓዳቸው ግድግዳ ላይ በከሰል አንዳንድ ጭረት ያሰፍራሉ። በወሩ መጨረሻ ባለሱቁ ሲያነብ እርሳቸው ጭረቱን ይቆጥሩ ነበር። አንድ ወር ግን ደብተሩ ከግድግዳው በሁለት ጠርሙስ ጋዝ በለጠ። ጉዳዩ ሲጣራ፣ ጋዙን የወሰዱት በስም የሚመሳሰሏቸው ሌላ ጎረቤት ሆነው ተገኙ። ባለሱቁ ይቅርታ ጠይቆ ሰረዘው። እናቲቱ ጭረቱን ባይጭሩ ኖሮ የሰው ዕዳ ከፋይ፣ አልከፍልም ቢሉም ከሐዲ በተባሉ ነበር።

ከሳምንት በኋላ የተባለው ደብዳቤ መጣ። «በቂ የብድር ታሪክ አልተገኘም» ይላል፤ መረጃውን የሰጠውንም ድርጅት ስምና አድራሻ ይዟል። በአሜሪካ የሰዎችን ብድርና አከፋፈል የሚመዘግቡ ሦስት ታላላቅ ድርጅቶች አሉ። አበዳሪዎች ከእነዚህ መዝገቦች የሚወጣውን፣ ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 850 የሚደርሰውን ነጥብ አይተው ይወስናሉ። በሰፊው በሚሠራበት የነጥብ አሰጣጥ ዘዴ መሠረት በወቅቱ መክፈል 35 በመቶ፣ የዕዳው መጠን 30 በመቶ፣ የታሪኩ ርዝመት 15 በመቶ ያህል ይመዝናሉ።

ተበዳሪው ግን ያለ መብት አልተተወም። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የብድር መረጃ ሕግ፣ በመዝገቡ ምክንያት ብድር የተከለከለ ሰው በ60 ቀናት ውስጥ ከጠየቀ የመዝገቡን ቅጂ በነጻ እንዲያገኝ ይፈቅዳል። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣውና በ1976 የተሻሻለው ሌላው ሕግ ደግሞ በጾታ፣ በዘር፣ በሃይማኖት ወይም በትውልድ አገር ምክንያት ብድር መከልከልን ያግዳል። ከልካዩም ምክንያቱን በግልጽ እንዲያስታውቅ፣ ወይም አመልካቹ ጠይቆ ማወቅ እንደሚችል እንዲነግረው ያስገድዳል።

አንዲት የሥራ ባልደረባዋ፣ «ለምን ሌላ መደብር አትሞክሪም?» ብላት ነበር። እርሷ ግን ማመልከቻ በበዛ ቁጥር ነጥብ እንደሚቀንስ ተረድታ ስለ ነበር አስቀድማ ቅጂውን አስመጣች። እውነትም ስሕተቱ እዚያው ተገኘ። የአባቷ ስም እንደ ኃይለ ማርያም ወይም እንደ ገብረ ሥላሴ ሁለት ቃላት ያሉት ነው። ባንኩ ሁለቱን ቃላት አጋጥሞ ጽፏል፤ መኪናውን የሸጠላት አበዳሪ ግን የመጀመሪያውን ቃል እንደ መካከለኛ ስም ቆጥሮ በሁለተኛው ብቻ መዝግቧታል። የልደቷም ዘመን በአንደኛው ቦታ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዳለ ስለ ገባ በስምንት ዓመት ተዛብቷል። ስለዚህ የአንዲት ሴት ታሪክ የሁለት ሰዎች መስሎ ተከፍሎ ነበር። የመኪናው ብድር 60 ክፍያዎች በአንደኛው መዝገብ ተቀብረው ሲቀሩ፣ መደብሩ ያየው ምንም ያህል ታሪክ የሌለበትን ሁለተኛውን ነው።

የመታወቂያዋንና የብድር ውሏን ቅጂ አያይዛ አቤቱታዋን በጽሑፍ አቀረበች። ሕጉ ድርጅቱ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀናት ውስጥ እንዲያጣራ ያዝዛልና፣ ወሩ ሳያልቅ ሁለቱ መዝገቦች አንድ ሆኑ። ወደዚያው መደብር ተመልሳ ባመለከተች ጊዜም ጥያቄዋ ተፈቀደላት። ከመፈረሟ በፊት ግን ውሉን እስከ መጨረሻው አነበበች። በ12ኛው ወር ዕዳው ሙሉ በሙሉ ካልተከፈለ፣ ወለዱ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ታስቦ በአንድ ጊዜ እንደሚጠየቅ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ አገኘች። ይህን ለእናቷ ስታስረዳቸው፣ «እንግዲያው ጭረት ያስፈልገናል» አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ነጭ ወረቀት ተለጠፈ። ልጅቱ በየወሩ 75 ዶላር በከፈለች ቁጥር እናቲቱ በእርሳስ አንድ ጭረት ይጨምሩ ነበር። 12ኛው ጭረት በተጫረ ዕለት ልጅቱ ከመደብሩ የመጣውን የመጨረሻ ደረሰኝ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። እናቲቱም ጭረቶቹን አንድ በአንድ ቆጥረው፣ «ልክ ነው» አሉ።