«ሦስት፣ ሦስት… አንድ ነኝ፤ ትሰማኛለህ?»

የአዲስ አበባ ወጣት ሶደሬና ላንጋኖ ሰልችቶታል መሰለኝ፣ አሁን አሁን ወሬው ሁሉ ኤርታሌ፣ ዳሎል፣ አፍዴራ ሆኗል። አምስት ስድስት ጓደኛሞች ብር ያዋጣሉ፤ ላንድክሩዘር ይከራያሉ፤ ውኃና ብስኩት ይጭናሉ፤ ጥቁር መነጽር ይደረጋል… በቃ፣ ጉዞ ተጀመረ! ደግ ነው። አገርን ማወቅ የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ግን እናንተዬ፣ የምትሳፈሩባትን መኪና ኮፈን አስከፍታችሁ አይታችኋል? ከኋላችሁ ካለችው መኪና ጋርስ በምንድን ነው የምትነጋገሩት? ብዬ ስጠይቅ መልሱ አንድ ነው፦ «ሞባይል አለ አይደል እንዴ!»

ሞባይሉማ አለ። ኔትወርኩ ነው የሌለው። ከሰመራ አልፋችሁ ዋናውን መንገድ ከለቀቃችሁ በኋላ ያ በስንት ሺህ ብር የተገዛ ስልክ ፎቶ ማንሻ ሆኖ ነው የሚቀረው።

እኔ ሾፌር አይደለሁም፤ መካኒክም አይደለሁም። በሥራ ምክንያት ግን በዚያ መንገድ ደጋግሜ ተመላልሻለሁ። ጋቢና ውስጥ ከሾፌሮች ጎን ተቀምጬ ያየሁትንና የሰማሁትን ነው የማወጋችሁ። ነገሬም አጭር ነው። በረሃ ላይ ሰው የሚጠፋው መኪና ስለተበላሸ አይደለም፤ መበላሸቷን የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ነው።

ቁልቁለቱ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በአዋሽና በሚሌ አድርጋችሁ ሰመራ እስክትደርሱ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ትጓዛላችሁ። ከዚያ አፍዴራ ስትገቡ ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትር ያህል ወርዳችኋል። ዳሎልማ ይብሳል፤ 120 ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ መኪናዋ ከደጋ ብርድ ተነስታ በሁለት ቀን ውስጥ ምድጃ ውስጥ ገባች ማለት ነው። በጎማው ውስጥ ያለው አየር ይሞቃል፣ ይወጠራል። የባትሪው ውኃ ይተናል። ራዲያተሩ ይጨነቃል። እዚህ ደጋ ላይ «ምንም አትልም» የተባለች መኪና ታች ስትወርድ ጉዷ ይወጣል።

በዚያ ላይ መሬቱ አንድ ዓይነት አይደለም። አፍዴራ ጨው ነው። ወደ ኤርታሌ ሲታጠፉ ዱቄት የመሰለ አሸዋ ይመጣል፤ ቀጥሎ ደግሞ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ፣ ቀዝቅዞ የደረቀ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም ኃይሊ ጉቢ የተባለው ተራራ በፈነዳ ጊዜ ደግሞ አፍዴራ አመድ ለብሳ ነበር። ለእያንዳንዱ መሬት የተለየ ጥንቃቄ አለው።

መኪናም ትናገራለች

የማውቃቸው አንድ ሽበት የወረራቸው ሾፌር አሉ። «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ጋሼ ጠዋት ቁርስ ሳይቀምሱ ኮፈን ይከፍታሉ። ሞተሩ ሳይሞቅ ዘይቱን ያያሉ፤ የራዲያተሩን ውኃ፣ የፍሬን ዘይቱን፣ የባትሪውን ጫፎች ያያሉ። ቺንጋዋን፣ ያቺን ፋን የምታዞረዋን ቀበቶ፣ በአውራ ጣታቸው ጫን ያደርጓታል፤ ገልበጥ አድርገውም የተሰነጠቀ ነገር እንዳላት ይመረምሯታል። ከዚያ መሬት ላይ ተጋድመው የመኪናዋን ሆድ ያያሉ። ሌሊቱን ዘይት ተንጠባጥቦ ከሆነ አሸዋው ይመሰክራል። በመጨረሻ የጎማውን ዳዶዎች አንድ በአንድ ያጠብቃሉ፤ ኮረኮንች ያላላቸዋልና። ይህ ሁሉ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም።

አንድ ቀን አንዱ ችኩል «ጋሼ፣ ትናንት አይተዋት የለም እንዴ?» ቢላቸው፣ «አንተስ ትናንት በልተህ የለም እንዴ? ለምን ቁርስ ትላለህ?» ብለው ዝም አሰኙት። ከእሳቸው የለቀምኩትን ላካፍላችሁ።

ጎማ፦ አስፋልት ላይ 35 ፒ.ኤስ.አይ የነበረው አየር አሸዋ ላይ ወደ 18 ይቀነሳል። ጎማው ጠፍጠፍ ይልና እንደ ግመል ኮቴ ሰፋ አድርጎ ይረግጣል፤ አይሰምጥም። አየር የቀነሰ ጎማ ይዞ መብረርና በድንገት መጠምዘዝ ግን የለም፤ ጎማው ከቸርኬው ይወልቃል። ድንጋዩ ጋ ሲደረስ መልሶ መንፋት ነው። አለዚያ ጎኑ ይቀደዳል፤ ጎኑ የተቀደደን ጎማ ጎሚስታም አያድነው! ስለዚህ መንፊያና መለኪያ ያልያዘ ሰው አየር ባይነካ ይሻለዋል። ትርፍ ጎማ አንድ አይበቃም፣ ሁለት ነው። ክሪኩም ከሥሩ የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላ ይፈልጋል፤ አለዚያ አሸዋው ይውጠዋል።

ሙቀት፦ የሙቀት መለኪያው ወደ ቀይ ሲጠጋ ኤሲውን አጥፍታችሁ የጋቢናውን ማሞቂያ ክፈቱ። «በዚያ ሐሩር ማሞቂያ?» ትሉ ይሆናል። አዎ! የሞተሩን ሙቀት እየሳበ ወደ እናንተ ያመጣዋል። እናንተ ላብ በላብ ትሆናላችሁ፣ ሞተሩ ይተርፋል። ካልቀነሰ አፍንጫዋን ወደ ነፋስ አዙሮ ማቆም ነው። የጋለ ራዲያተር ግን ፊቱን የሚጠላ ብቻ ይክፈት!

አቧራና ጨው፦ የአየር ፊልትሮው ማታ ማታ ይወጣና ይራገፋል፤ ትርፍም ይያዛል። ከጨው ሜዳ የተመለሰች መኪና ደግሞ ሆዷ በንጹሕ ውኃ መታጠብ አለበት። ጨው ዛሬ ምንም አይልም፤ ከወራት በኋላ በዝገት ነው የሚናገረው።

ወኪ ቶኪ ጌጥ አይደለም

በአሸዋ ላይ ሦስት መኪናዎች ሲሄዱ አንዷ የሌላዋን አቧራ እንዳትበላ ይራራቃሉ። በመሃላቸው ግማሽ ኪሎ ሜትር ከተፈጠረ መተያየት ቀረ ማለት ነው። ያኔ የሚያገናኛቸው ሬዲዮ ብቻ ነው።

በእጅ የሚያዘው ወኪ ቶኪ በአብዛኛው ቪ ኤች ኤፍ የሚባለው ነው። ሞገዱ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። በጨው ሜዳ ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር ያለችግር ያደርሳል፤ በመሃል የድንጋይ ጉብታ ከገባ ግን ይታፈናል። መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሲያወሩበትም ቆርቆሮው ጉልበቱን ይበላዋል። ስለዚህ ብልህ ሾፌር በማግኔት የምትለጠፍ አንቴና ጣሪያው ላይ ያስቀምጣል። በትልልቅ ድርጅቶች መኪና ላይ ከፊት መከላከያው ተነስቶ የሚወዛወዘው ረጅም አንቴና ደግሞ የኤች ኤፍ ነው። የእሱ ሞገድ ወደ ሰማይ ወጥቶ ተመልሶ ስለሚወርድ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ይሰማል። ቀን ከፍ ያለ፣ ሌሊት ዝቅ ያለ ፍሪኩዌንሲ ይመረጥለታል።

ታዲያ ወኪ ቶኪን እንደ ጫማ ከገበያ ገዝቶ መነሳት የለም! በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። የሳተላይት ስልክም እንዲሁ ያለ ፈቃድ አይያዝም። መንገዱ ወደ ጠረፍ የሚጠጋ ነው፤ ወረቀት የሌለው ሬዲዮ ይዞ ኬላ ላይ መገኘት ምን እንደሚያስከትል ለእናንተ አልነግርም። ከታወቀ የጉዞ ድርጅት ፈቃድ ካለው ሬዲዮ ጋር መከራየት ይቀላል።

አነጋገሩም ሥርዓት አለው። መጀመሪያ የሚጠራው፣ ቀጥሎ ጠሪው፦ «ሦስት፣ ሦስት፣ አንድ ነኝ።» ቁልፉን ተጭኖ አንድ አፍታ ቆየት ማለት ያስፈልጋል፤ አለዚያ የመጀመሪያው ቃል ተቆርጦ ይቀራል። አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል። የሰማውን ደግሞ ያረጋግጣል። ቀልድ፣ ዘፈንና ፍቅር ለካምፕ ነው!

ዝም ያለችው መኪና

አንድ ጊዜ በሦስት መኪና ከአፍዴራ ወደ ኤርታሌ እየሄድን ነው። ጋሼ አንደኛዋን ይነዳሉ፤ እኔ አጠገባቸው ነኝ፤ ከኋላችን መንገድ የሚመራን የአፋር ልጅ አለ። ሦስተኛዋን የያዘው ወጣት ሾፌር ነው፤ አራት የከተማ ልጆች ጭኗል። ልጆቹ ከንጋት ጀምሮ በወኪ ቶኪው ዘፈን ሲመራረጡበት ነበር። ጋሼ ሁለት ጊዜ ተቆጡ፤ ሳቅ ብቻ ነው የተመለሰላቸው።

በየሃያ ደቂቃው መጠራራት የጋሼ ሕግ ነው። ረፋድ ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም መለሱ። ሦስት ከሃያ ላይ «ሦስት፣ ሦስት… አንድ ነኝ፤ ትሰማኛለህ?» ዝም። ደገሙ። ዝም። መኪናችንን አቁመው ሞተር አጠፉ። ሁለተኛዋም ደርሳ ቆመች። አሥር ደቂቃ ጠበቅን። አቧራ እንኳ አይታይም። ጋሼ ፊታቸው ተለወጠ፤ «የመጣንበትን ጎማ ረግጠን እንመለሳለን፤ አቋራጭ የሚባል ነገር አልሰማም» አሉ።

ወደ ኋላ ስንመለስ የጎማው ፈለግ አምስት ቦታ ተበታትኖ አገኘነው። የትኛው ነው የእነሱ? በዚህ መሃል ግመል የሚነዱ አንድ ሽማግሌ መጡ። የአፋሩ ልጅ ዘሎ ወረደ። እጅ ተጨባብጠው ቀስ ብለው ማውራት ጀመሩ። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፤ ደግሞ ተራ ይቀያየራሉ። እኔ ውስጤ እየተቃጠለ «ኧረ ወንድሜ፣ ሰው ጠፍቶብናል፣ ቶሎ ጠይቃቸው!» አልኩት። «መጀመሪያ ዳጉ ነው» አለኝ ሳይዞር።

ዳጉ ማለት የአፋር ሕዝብ የወሬ ሥርዓት ነው። መንገድ ላይ የተገናኙ ሰዎች ሳይነጋገሩ አይተላለፉም። ከየት መጣህ? ምን አየህ? ምን ሰማህ? ዝናብ የት ጣለ? ሣር፣ ውኃ፣ ሰላም፣ በሽታ… ያየውን ካየው፣ የሰማውን ከሰማው ለይቶ ይናገራል። ወሬ የሚያዛባ ሰው ይታወቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው የለም።

ሽማግሌው በዓይናቸው አላዩም። ነገር ግን ቀደም ብሎ ያገኙት ሌላ እረኛ ነግሯቸዋል፦ ነጭ መኪና፣ ኮፈኗ የተከፈተ፣ ከጥላዋ ሥር አምስት ሰዎች። አቅጣጫውንም በበትራቸው አሳዩን። አርባ ደቂቃ አልፈጀብንም፤ አገኘናቸው።

ቺንጋዋ ተበጥሳለች። ወኪ ቶኪው ባትሪ ጨርሷል። ከያዙት የመጠጥ ውኃ የቀረው ሦስት ጠርሙስ ነበር፤ ቀሪውን ራሳቸው ላይ አፍስሰውታል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ሌላ ነው። ሁለቱ ልጆች «ኔትወርክ ፍለጋ» በእግር ሊሄዱ ተነስተው ነበር። ያ እረኛ ነው፣ ቋንቋ ሳይግባቡ፣ በእጁ ምልክት ከመኪናዋ ጥላ ሥር ያስቀመጣቸው። ሄደው ቢሆን ኖሮ… ይህን አልጨርሰውም።

ጋሼ ከሣጥናቸው ትርፍ ቺንጋ አውጥተው በሃያ ደቂቃ ውስጥ አሠሯት። አንድ ቀበቶ! ነገሩ ሁሉ በዚያ ነበር። ወጣቱን ሾፌር አልተሳደቡም። «አንተ ልጅ፣ ከእንግዲህ የኋለኛው መኪና የፊተኛው ኃላፊነት ነው፤ ከመስታወትህ ሲጠፋ አንተም ቁም» ብቻ ነው ያሉት።

ለተጓዦች

እንግዲህ ልትሄዱ ከሆነ እነዚህን ያዙ። አንድ መኪና ብቻዋን አትውረድ። በየሹካው የፊተኛው መኪና የኋለኛውን ሳያይ አይለፍ። ሰመራ ላይ ለምታምኑት ሰው መንገዳችሁንና የምትመለሱበትን ሰዓት ተናገሩ፤ ያ ሰዓት ካለፈ ለማን እንደሚደውልም ይወቅ። ፈቃድና የአካባቢውን ሰው ሳትይዙ አትነሱ። የመጠጥ ውኃ ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ሊትር አይነስ፤ የራዲያተሩ ለብቻው ነው። የወኪ ቶኪው ባትሪ ማታ ይሞላ፣ ትርፍም ይኑር። መኪና ከቆመች ከመኪናዋ አትራቁ፤ ሰው ከሩቅ የሚያየው እሷን ነው፣ ጥላችሁም እሷው ናት።

መንገድ ላይ ሰው ስታገኙም ጥላችሁ አትብረሩ። ቁሙ፣ ሰላም በሉ፣ ከየት እንደመጣችሁና ወዴት እንደምትሄዱ ንገሩት። ባትሪ የማይጨርስ ሬዲዮ እሱ ነው።

ቸር ያሰማን!