ጄፒ ላይ ልጅ ማስሸናት

ጆሃንስበርግ መሀል ከተማ፣ ዛሬ ራሂማ ሙሳ በተባለው፣ የእኛ ሰው ግን አሁንም ጄፒ በሚለው ጎዳና፣ የሐኪሞች ክፍል የነበሩት ፎቆች በሐበሻ ሱቆች ተሞልተዋል። በተቆለለው ብርድ ልብስ መሀል ሕፃን ያዘለች ነጋዴ አትጠፋም፤ የዳይፐሩ እሽግም አጠገቧ ነው። እስቲ እንጫወት፤ ያ ሁሉ ዳይፐር የግድ ነው? እናቶቻችን ሕፃኑ ጠብቶ ሲጨርስ ወይም ከእንቅልፉ ሲነቃ እግራቸው ላይ አስቀምጠው «ሽሽሽ» ይሉታል፤ እሱም ይለምደዋል። በ1977 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም የኬንያ ዲጎ ሕዝብ እናቶች ገና በ2ኛው ወይም በ3ኛው ሳምንት እንደሚጀምሩ፣ ልጁም በ5 ወሩ ገደማ በአብዛኛው ደረቅ እንደሚሆን መዝግቧል።

«ሳይደርስ ማስጨነቅ ነው» የሚሉ አሉ። አሜሪካዊው ሐኪም ብራዝልተን በ1962 እ.ኤ.አ. ልጁ እስኪደርስ ይጠበቅ ያሉትም ግዳጅን ፈርተው ነው፤ ቁጣና ቅጣት ካለበት ልክ ናቸው። እዚህ ግን የምትማረው በቅድሚያ እናት ናት፤ ፊቱን፣ መወራጨቱን ታነባለች፤ ካልመጣለት ታነሳዋለች። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ፣ መጸዳጃው ከኮሪደሩ ማዶ ሆኖ፣ ማን ጊዜ አለው? ሱቅ ውስጥ ዳይፐሩ ይቆይ። ጠዋት እንደነቃ፣ ቤት ውስጥ፣ አንዴ ብቻ ፖፖ ላይ መያዝ ግን ገበያ አያስቀርም።