የአባ ሳሙኤል ሐይቅና የእምቦጭ ሥር

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ተማሪዎቻችንን ይዘን ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ወዳለው አባ ሳሙኤል ግድብ ወርደን ነበር። ግድቡ በአገራችን ቀደምት ከሆኑት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። እኛን የወሰደን ግን መብራቱ ሳይሆን ውሃው ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የከተማውን እጣቢ ተሸክመው የሚጠራቀሙት እዚህ ነውና።

ከመኪና ስንወርድ ልጆቹ «ሐይቁ የታለ?» አሉ። ሜዳ መስሏቸው ነበር። ነፋስ ሲመጣ ግን ሜዳው ከነወይን ጠጅ አበባው ተወዛወዘ፤ ሽታውም ተከተለ። ያ ሁሉ አረንጓዴ እምቦጭ ነው። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፣ በአገራችን በቆቃና በአዋሽ ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ሕዝቡ ስሙን በደንብ ያወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከተከሰተ ወዲህ ነው።

ዙሁር ሲደርስ ውዱእ ያደረግነው ከቤት በጀሪካን ባመጣነው ውሃ ነው። ሽታውና ቀለሙ በነጃሳ የተለወጠ ውሃ እንደማያጠራ ልጆቹ ከመድረሳ ያውቃሉ። ያላወቁት፣ ሽታም ቀለምም ሳያሳይ በውሃ የሚሟሟ መርዝ መኖሩን ነው። ቆዳ የሚለፋበት ክሮሚየም፣ ከባትሪ የሚወጣው እርሳስ፣ ካድሚየም፤ እነዚህ ከባድ ብረቶች እንደ ሌላው ቆሻሻ በስብሰው አይጠፉም። ቦታ ይለውጣሉ እንጂ።

አንዱን እምቦጭ ጎትተን አወጣን። ሥሩ እንደ ረጠበ ፀጉር ጥቁርና ብዙ ነው፤ መሬት ሳይነካ ውሃው ውስጥ ይንጠለጠላል። ጥበቡ ያለው እዚያ ነው። በውሃው የሟሙት ብረቶች በቀጫጭኑ ሥር ላይ ይጣበቃሉ፤ ከፊሉም ወደ ውስጥ ይገባል። አብዛኛው ሥሩ ላይ ሲቀር ጥቂቱ ወደ ቅጠሉ ይወጣል። አደገኛውን የክሮሚየም ዓይነት እንኳ ሥሩ ጉዳቱ ወደቀለለ ዓይነት ሊለውጠው ይችላል። ደንገልና ፊላም በየበኩላቸው ይህን መሰል ሥራ ይሠራሉ። በዚህ ምክንያት በተለያዩ አገሮች የፋብሪካ ፍሳሽ ወንዝ ከመግባቱ በፊት እንዲህ ባሉ ተክሎች በተሞላ ኩሬ እንዲያልፍ ይደረጋል።

«እንግዲያው እምቦጩ ሐይቁን እያጸዳው ነው!» አለ አንዱ ተማሪ። እኛም «አዎ» ልንል ትንሽ ቀርቶን ነበር። ነገር ግን የሚያጭደው የለም። ተክሉ ሲያረጅ እዚያው ይሰምጣል፤ ይበሰብሳል፤ የያዘውንም መልሶ ለውሃው ይሰጣል። እስከዚያው ፀሐይ ከልክሎ ዓሣውን ያፍናል፣ ለወባ ትንኝም መጠለያ ይሆናል።

ዳር ላይ አንድ ሽማግሌ እምቦጭ አጭደው ለላሞቻቸው ሲከምሩ አገኘናቸው። ኦሮምኛ የሚችል ተማሪያችን አነጋገራቸው። «አባቴ፣ ይህ ለከብት አይሆንም» ብንላቸው፣ «ልጄ፣ በበጋ ሌላ ምን አረንጓዴ አለ?» አሉን። ብረቱ በላሚቱ ጉበትና ኩላሊት እንደሚከማች፣ እርሳስ ወደ ወተቱም እንደሚያልፍ ነገርናቸው። አዳመጡን፤ ሣሩን ግን አልጣሉትም። እኛስ በምትኩ ምን ሰጠናቸው?

እናቶች ሆይ፣ ነገሩ ከእናንተም ጓዳ አይርቅም። በቄራና በላፍቶ በትንሹ አቃቂ ውሃ የሚለማው ቆስጣና ሰላጣ ገበያ ላይ ይወጣል። ማጠብ አፈሩንና ጀርሙን ይቀንሳል፤ ቅጠሉ በሥሩ የሳበውን ብረት ግን አያወጣም። ስትገዙ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ሻጩ ባያውቅ እንኳ የሚጠይቅ ሲበዛ ማወቅ ይጀምራል።

ወደ ማታ ስንመለስ አንዲት ተማሪ ያንን የነቀልነውን እምቦጭ በፌስታል ይዛ ኖሯል፤ ለእናቷ ልታሳይ። ቃሊቲ ስንደርስ ግን ሐሳቧን ለውጣ «ኡስታዝ፣ የት ልጣለው?» አለችን። ቱቦ ውስጥ እንዳንል ቱቦው ወንዝ ይገባል፤ ቆሻሻ ገንዳ እንዳንል እዚያም ዝናብ አለ። ፌስታሉን ተቀብለን ቤት ወሰድነው። አሁንም በረንዳችን ላይ በአሮጌ ባልዲ ውስጥ ደርቆ ተቀምጧል።