ሰንጋህ ስንት ኪሎ ነው?

ሰሞኑን አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ደብዳቤ ጽፎልኛል (ስሙ ይቆየን)። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ሰንዳፋ አካባቢ ግቢ ተከራይተው አሥር በሬ ሊያደልቡ አስበዋል። “ምን ትመክረናለህ? ለኤክስፖርት ቄራ ብናስረክብስ?” ይላል። ሒሳቡንም አያይዞ ልኮልኛል። በዚህ ገዝቶ፣ በዚህ ቀልቦ፣ በሦስት ወር እጥፍ አድርጎ ሸጦ… በሁለት ዓመት ውስጥ አንዱ ያገባል፣ አንዱ መኪና ይገዛል! ወረቀቱ ላይ አንድም በሬ አልታመመም፣ አንድም ደላላ ዝር አላለም። ወይ ወረቀት!

እኔ ግን አልሳቅኩበትም። እንዲህ ያለ ሒሳብ እኔም ሠርቼ አውቃለሁ፤ ያውም ከሱ ባማረ እጅ ጽሑፍ።

የደብረ ሲና ልጅ ነኝ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትጓዙ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ጣሊያን የቦረቦረውን የጣርማ በር ዋሻ አልፋችሁ ቁልቁል ስትወርዱ፣ ጉም ውስጥ የምታገኟት ከተማ ናት። 12ኛ ክፍልን የጨረስኩት በ2008 ዓ.ም. ነው። አስታወሳችሁት? ፈተናው ተሰርቆ ተሰርዞ እንደገና የተቀመጥንበት ዓመት! ተሰረቀም አልተሰረቀም ለእኔ ነጥቡ አልመጣልኝም። ጓደኞቼ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ እኔ እማዬ ጠላ የምትሸጥበት ቤት በር ላይ ቁጭ ብዬ የሚያልፈውን አውቶቡስ እቆጥር ጀመር። ሥራ የፈታ ሰው ደግሞ ምን እንደሚያስብ ታውቃላችሁ። ሀብታም መሆን ነዋ!

ሐሳቡን የሰጠኝ የእማዬ አተላ ነው። በየሳምንቱ የሚወጣውን አተላ ጎረቤት በነፃ ይወስደዋል። አባዬ የገብስ ጭድና የባቄላ ገለባ አለው። “ታዲያ ሁለት በሬ ብንይዝ ምን ይለናል?” አልኩ። አባዬ ዝም አለ። እማዬ ግን ያቺ ተስፋ የቆረጠች ፊቴ አሳዝናት መሰለኝ፣ 11 ሺህ ብር እቁቧን ጣለችልኝና ከብድርና ቁጠባ ደግሞ 10 ሺህ ብር ወሰደች። ብድሩ በቡድን ዋስትና ነው። ይኼ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የከተማ ልጅ ላያውቀው ይችላል። እማዬ ካልከፈለች አራት ጎረቤቶቿ ይከፍሉላታል። አራቱም ሲወልዱ ገንፎ የቀመሰች፣ ሲያዝኑ አብራ ያለቀሰች ሴት ናት። በሬዎቹ ያለ ደህና ዋጋ ቢሸጡ እኔ ሳልሆን እሷ ናት አንገቷን የምትደፋው።

ገና ካለፈ በኋላ፣ ጥር 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ገዛን። ሁለቱ 16,800 ብር ፈጁ (በዚያ ገንዘብ ዛሬ ሁለት ደህና ሙክት ማግኘትም ያጠራጥራል!)። የመረጠው አባዬ ነው፤ እዚህ ላይ ሳላመሰግነው አላልፍም። እኔ ሞላ ሞላ ያለውን ስጠቁመው “እሱን ሌላ ሰው አደልቦልሃል፤ አንተ ምን ትጨምርበታለህ?” አለኝ። እሱ የሚፈልገው አጥንቱ ሰፊ፣ ቆዳው ልል፣ የራበው እንጂ ያልታመመ ከብት ነው። ዐይኑ የነቃ፣ አፍንጫው የረጠበ መሆኑን አየ። አፉን ከፍቶ ጥርሱን ቆጠረ። አንዱ ቀይ ነው፣ አንዱ ጥቁር። ቀዩ ጥቂት ዓመት አርሷል፤ ጥቁሩ ገና ቀንበር የለመደ ነው።

መጀመሪያ እንስሳት ሐኪም ጠራን። የአንጀትና የጉበት ትል መድኃኒት ተሰጣቸው፣ የአባ ሰንጋ ክትባት ተወጉ። “ይኼን ሳታደርግ ብትቀልብ የምትቀልበው ትሉን ነው” አለኝ ሐኪሙ። ልክ ነው። ደብዳቤ የጻፍክልኝ ወንድሜ ግን በሒሳብህ ውስጥ የሐኪም አምስት ሳንቲም የለም!

ቀለብ ላይ ደግሞ እኔ ጥድፊያዬ አሳበደኝ። ቶሎ እንዲወፍሩ ብዬ በሁለተኛው ቀን ፉርሽካውን በገፍ ዘረገፍኩላቸው። ማታ የጥቁሩ ሆድ እንደ ከበሮ ተነፋ! አባዬ ሌሊቱን ሙሉ ሲያንሸራሽረው አደረ። እኔ ኩራዝ ይዤ ከኋላ ከኋላ፣ የምገዛትን መኪና ረስቼ “ማርያምን ይኼ በሬ ከዳነ…” እያልኩ። ዳነ። ለካ ጭድ የለመደ ሆድ ፉርሽካ የሚለምደው ቀስ በቀስ ነው፤ ዛሬ ግማሽ ኪሎ፣ በሦስተኛው ቀን አንድ ኪሎ፣ እንዲያ እያለ በሁለት በሦስት ሳምንት ሦስት አራት ኪሎ ይደርሳል። እኛ ፉርሽካውን ከኑግ ፋጉሎ ጋር ቀላቅለን ነበር የምንሰጠው፣ ጭዱና አተላው ሳይቀር። ጨው ይልሳሉ። ውኃ አይቋረጥባቸውም። ደብረ ብርሃን ላይ የሐበሻና የዳሽን ቢራ ፋብሪካዎች ከተከፈቱ ወዲህ የቢራ ገብስ ተረፈ ምርት ለከብት ይሸጣል፤ ጥሩ ቀለብ ነው። እኔ ሁለት ጆንያ አስመጥቼ አስቀመጥኩትና በጥቂት ቀን ውስጥ ሸተተብኝ። እርጥብ ነገር ነውና እንደመጣ ካልበሉት ይበላሻል፤ ይኼንንም የተማርኩት በገንዘቤ ነው።

ሦስት ወር ሙሉ እንዲህ ሆነ። የገዛነው ቀለብ 4,100 ብር ጨረሰ። በሬዎቹ ግን አማረባቸው። ጀርባቸው ሞላ፣ ሻኛቸው ተንቀሳቀሰ፣ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ያያቸው ጀመር። እኔም ሒሳቤን ከለስኩ። እያንዳንዳቸው 16 ሺህ! ለምን 16 ሺህ? እንጃ። እማዬን ከዕዳ የሚያወጣ፣ ለእኔም ደህና ነገር የሚያስቀር ቁጥር ስለሆነ ነዋ።

የደብረ ሲና ገበያ ናቅኩት። ፋሲካ በዚያ ዓመት ሚያዝያ 8 ነው የዋለው፤ ሁዳዴን 55 ቀን የጾመው አዲስ አበቤ ሥጋ ሥጋ ባለው ሰዓት ካራ የከብት ገበያ ገብቼ ዋጋዬን መቁረጥ! በ700 ብር አይሱዙ ላይ ከሌሎች ከብቶች ጋር ጫንኳቸው። ጣርማ በርን ሽቅብ፣ ደብረ ብርሃን፣ ሸኖ፣ አለልቱ፣ ሰንዳፋ… ቁመው፣ ተጠጋግተው፣ ሳይበሉ ሳይጠጡ። ሐሙስ ሌሊት ስንወርድ የቀዩ ሆድ ተሰብስቦ ሌላ በሬ መሰለኝ። ከብት በጉዞ ኪሎ እንደሚጥል ማን ነገረኝ?

ስቅለት ዓርብ ጠዋት አንድ ጠና ያሉ የሉካንዳ ባለቤት መጡ። ቀዩን ዞረው ዞረው አዩት፣ ጎኑን ጫን ጫን አደረጉ፣ የጭራውን ሥር ጨበጡ። “13,500” አሉ። ለጥቁሩ 12,800። በድምሩ 26,300 ብር ማለት ነው። እኔ ሳልመልስ አንድ ደላላ ጆሮዬ ሥር ገባና “እንዳትሰጥ ወንድሜ! ነገ ቅርጫ የሚገቡት ሲመጡ በ16 እናወጣዋለን” አለኝ። የኔን ቁጥር ከየት አወቀው? ጠዋት ራሴ ነግሬው ነበር፣ ሞኙ!

“አይ ጋሼ፣ አይሆንም” አልኳቸው። ሰውዬው አልተከራከሩም። “ሰንጋህ ስንት ኪሎ ነው?” ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ዝም አልኩ። “ታዲያ 16 ሺህ ያልከው ምኑን ነው?” አሉና ሄዱ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰው ነበር፤ ከብቱ ግን ከሰው በለጠ። ሁሉም እንደኔ አስቦ መጥቷል። ከቀትር በኋላ ደግሞ ገዢ ሆዬ ምን እንደሚያውቅ ታውቃላችሁ? ከሩቅ የመጣ ባለ ከብት ይዞ እንደማይመለስ ያውቃል። ደላላው ራሱ አሁን “ሽጥ፣ ሽጥ” ይለኝ ጀመር! ጥቁሩን በ11,200 ሸጥኩት። ቀዩን ይዤ ኮተቤ ዘመድ ጋ አደርኩ። የትንሣኤ ሌሊት ሰው ዶሮውን ሲበላ እኔ አጥር ሥር ከበሬ ጋር ተፋጥጬ… ምን ልበላችሁ።

ማክሰኞ ዕለት እፍረቴን ዋጥ አድርጌ እኒያን የሉካንዳ ሰውዬ አጠያይቄ ሄድኩ። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፣ ሥጋ ይሸጣል፤ የበዓሉ ዋጋ ግን የለም። 11,900 አሉኝ። ተቀበልኩ። ግማሹን ከፈሉኝና ቀሪውን ረቡዕ ና ውሰድ አሉኝ። ረቡዕ ስደርስ ቀዩ ታርዶ፣ ከቄራ መጥቶ ተሰቅሏል። “139 ኪሎ ወጣ” አሉኝ። እኔ ዐይኔ የዋጋ ሰሌዳው ላይ ነው፤ ኪሎ 180 ብር። በሆዴ አባዛሁት። 25,020! “ዘረፉኝ!” አልኩ፤ በሆዴ ሳይሆን ጮክ ብዬ ኖሯል።

ሰውዬው ሳቁ። “አጥንቱን በ180 አንተ ትገዛኛለህ?” አሉ። ከዚያ ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። የሀገራችን በሬ ቆሞ ከሚመዝነው ተሰቅሎ የሚቀረው ግማሽ ገደማ ነው። ከተሰቀለው ላይ ደግሞ አጥንቱ፣ ጅማቱ፣ ሳይሸጥ የሚደርቀው ይወጣል። የቄራ አገልግሎት አለ፣ የቤት ኪራይ አለ፣ ግብር አለ፣ ሠራተኛ አለ። “ዓርብ የሰጠሁህ በተሰቀለው ኪሎ 97 ብር ገደማ ነበር። ኪሎውን ብታውቅ ኖሮ እጄን ትስመኝ ነበር” አሉኝ።

ሒሳቡ ይኸውላችሁ። የሁለቱ ሽያጭ 23,100። በሬዎቹ፣ ቀለቡ፣ ጭነቱ፣ የብድሩ ወለድ 600፣ ደላላው 300፣ የኮተቤ ሰንበቻዬ 200፤ በድምሩ 22,700። ትርፍ 400 ብር! ዓርብ ሸጬ ቢሆን 3,800 ነበር። እማዬ ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ቆጠረችና ምንም አላለችም። በማግስቱ ብድሩን ከነወለዱ ከፍላ ስትመለስ አራቱን ጎረቤቶቿን ቡና ጠራች። እኔ ከቤት ወጥቼ አመሸሁ።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ፣ ባለ አሥር በሬው ወንድሜ። ስለ ኤክስፖርት ቄራ ጠይቀኸኛል። ሞጆና ቢሾፍቱ ያሉት በዋናነት የሚያርዱት በግና ፍየል ነው፤ ሥጋው ወደ ዱባይና ሳዑዲ ይሄዳል። ለውጭ ገበያ የሚፈለገው ከብት ደግሞ እንደ ቦረና ኮርማ ያለ ወጣት፣ ያልተኮላሸ፣ ስብ ያልበዛበት ነው፤ ዋጋው የሚቆረጠውም በሚዛን ነው። የአዲስ አበባ ሉካንዳ ግን ጮማ ይፈልጋል፤ ዋጋውም በዐይንና በእጅ ነው። አንዱን በሬ ለሁለቱም አታደልበውም። ለማን እንደምትሸጥ ሳታውቅ የጆሮውን ገመድ እንዳትይዝ።

ሌላው፣ ከሦስት አራት ወር በላይ አታቆየው። ከዚያ በኋላ የሚጨምራት እያንዳንዷ ኪሎ ከቀድሞዎቹ ይልቅ ቀለብ ትበላለች። ስለዚህ መቁጠር ያለብህ ከሽያጩ ቀን ወደ ኋላ ነው። መድኃኒትም ከሰጠኸው ሐኪሙ የሚነግርህ ቀን ሳይሞላ ለዕርድ አታቅርበው። እና ደግሞ እባክህ፣ ገበያ ጠዋት ጨው አስልሰህ ውኃ እየሞላህ ሆድ አትንፋ፤ ገዢው ካንተ በፊት ያውቃታል።

ከሁሉም በፊት ግን ከልብስ ሰፊ ሜትር ግዛ። በሬው ቀጥ ብሎ ሲቆም ከፊት እግሩ ኋላ፣ ከሻኛው ጀርባ ደረቱን ዙሪያውን ለካ። ከዚያ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ርዝመቱን ለካ። የደረቱን ሴንቲ ሜትር በራሱ አባዛው፣ በርዝመቱ አባዛው፣ ለ10,840 አካፍለው። የቁም ክብደቱ በኪሎ ይወጣል። ግምት ነው፤ ከሚዛን ጋር ሊለያይ ይችላል። ባዶ እጅ ከመቆም ግን የት ይገናኛል! ግማሹ ሥጋ ነው በል። ለአንድ ኪሎ ስንት እንደሰጡህ ያን ጊዜ ታውቃለህ።

እኔ በ2010 ዓ.ም. አንድ በሬ ብቻ ይዤ በዚችው ሜትር ሞከርኩ። ካራ አልሄድኩም። ከፋሲካ ሦስት ሳምንት በፊት ለደብረ ብርሃን ሉካንዳ ስልክ ደውዬ ኪሎውን ነግሬያቸው፣ መጥተው አይተው በር ላይ ተስማማን። 2,600 ብር አተረፍኩ። እማዬ እቁቧን እንደገና ጀመረች።

ሜትሯ ዛሬም በረቱ በር ላይ ተሰቅላለች። የሚገርመው አሁን ባለቤቷ አባዬ ነው፤ የጎረቤት በሬ ሳይቀር እየለካ ቁጥሩን በከሰል ግድግዳ ላይ ይጽፋል። ማባዛቱ ግን የኔ ሥራ ነው። ባለፈው ሄጄ “ደረቱ 168፣ ርዝመቱ 132” ብሎ ሰጠኝ። በስልኬ ሠርቼ “343 ኪሎ” አልኩት። በሬውን ዞረው፣ ጎኑን ጫን አደረገ፣ የጭራውን ሥር ጨበጠ።

“አይ” አለ፣ “ስልክህ ቀንሷል።”