ሦስተኛው ሰው

መቼም ሰው በአርባ አምስት ዓመቱ ጨዋታ ልማር ብሎ ሲነሳ የሚስቅበት አያጣም። በእኔ የሳቀብኝ ግን የገዛ ልጄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው ለንደን ነው። አንድ ፓኪስታናዊ የሥራ ባልደረባዬ እሑድ እሑድ በሰፈሩ ሜዳ ክሪኬት ይጫወታል። አንድ ቀን ሰው ጎደለባቸውና «ና፣ መቆም ብቻ ነው» አለኝ። መቆም ማንን ያቅተዋል? የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄን አስከትዬ ሄድኩ። እሱ ጨዋታውን በትምህርት ቤት ለምዶታል።

አምበሉ ገና እንዳየኝ «ሰርድ ማን!» ብሎ በእጁ ወደ ሩቅ ጠቆመኝ። ሦስተኛው ሰው ማለቱ ነው። አንደኛውና ሁለተኛው የት እንዳሉ ብፈልግ ማንም የለም። ከመቺው ኋላ፣ ሜዳው ዳር ላይ፣ ብቻዬን ቆምኩ። (አዲስ ገቢ የሚደበቅበት ቦታ መሆኑን የሰማሁት ኋላ ነው።)

ጥቂት ቆይቶ መቺው ወጣና ሌላ ገባ። ሰዎቹ ሁሉ ሜዳውን እያቋረጡ ቦታ ሲቀያየሩ፣ እኔ የተሰጠኝ ቦታ ይኸው ነው ብዬ እንደ ችካል ተተከልኩ። ወዲያው ኳሷ ማንም በሌለበት በኩል እየተንከባለለች መስመሩን አለፈች። አራት ነጥብ! አምበሉ ምንም አላለኝም። ልጄ ግን ከጓደኞቹ ፈንጠር ብሎ አቀርቅሮ ጫማውን ማየት ጀመረ። ከአራቱ ነጥብ ይልቅ ያመመኝ ይኸ ነው።

ማታ የእናቱን ሲኒዎች አውጥቶ ምንጣፉ ላይ ደረደራቸው። የስኳር ዕቃው መቺ ሆነ። ከአሥራ አንዱ ሲኒ አንዱ ወርዋሪ፣ አንዱ ጓንት አጥልቆ ከመቺው ኋላ የሚቆመው ዊኬት ጠባቂ፤ የቀሩት ዘጠኙ በባዶ እጃቸው ይበተናሉ። አሥራ ሁለተኛው ተጠባባቂ ነው።

«አባዬ፣ መሬቱን እርሳው። ሰውየውን እይ» አለኝ።

ለካስ ምሥጢሩ እዚህ ነው! ቀኝ እጀኛ መቺ ጎኑን ለወርዋሪው ሰጥቶ ይቆማል፤ ደረቱ ያለበት ወገን ኦፍ፣ ጀርባው ያለበት ሌግ ይባላል። ግራ እጀኛ ሲገባ ሁለቱ ይገለበጣሉ፤ የቦታው ስም ያው ሆኖ ሰውየው ይሻገራል። በዚያ ላይ ስድስት ኳስ በተወረወረ ቁጥር ውርወራው ከተቃራኒው ጫፍ ይሆንና ሁሉም እንደገና ይዞራል። እኔ ባደግሁበት የገና ጨዋታ ቦታ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሩሯ በሄደችበት ሁላችንም ነበርን።

ስሞቹም ቢሆኑ ሲፈቱ ያን ያህል አያስፈሩም። «ሾርት» ያለበት ለመቺው ቅርብ ነው፤ «ዲፕ» ወይም «ሎንግ» ያለበት ዳር ነው። «ስኩዌር» ከመቺው ጎን ትክክል ነው። «ሲሊ» ግን ቂል ማለት ነው፤ መቺው አፍንጫ ሥር የሚቆመውን ነው እንዲህ የሚሉት። 160 ግራም ያህል የምትመዝን፣ በቆዳ የተለበጠች ኳስ እዚያ ስትመጣ ዓይን ለመጨፈን እንኳ ጊዜ የለም። ህንዳዊው ራማን ላምባ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1998 ዳካ ላይ ያለ ሄልሜት ሾርት ሌግ ቆሞ ሳለ ኳስ ራሱን መታውና ከሦስት ቀን በኋላ ሞተ። ይህን ስሰማ ሰርድ ማንን ወደድኩት።

በሚቀጥለው እሑድ አምበሉ ስኩዌር ሌግ አቆመኝ። ከአንዱ ሲኒ ጋር በዓይነ ሕሊናዬ አመሳሰልኩትና ልክ ሆነ። ከዚያ ግራ እጀኛው ገባ። ማንም ሳይጠራኝ ተሻገርኩ። አንድ ሩጫ ሮጡና ቀኝ እጀኛው ሲመለስ እኔም ተመለስኩ፤ ደግሞ ተሻገርኩ። ከመጫወት ይልቅ እንደ ፖስተኛ ስመላለስ ዋልኩ ማለት ይቻላል።

ኳሷ በመጨረሻ መጣች። በቀጥታ ወደ ደረቴ! ሁለት እጄን ዘረጋሁ፤ መዳፌን እንደ መዶሻ መታችኝና ሣሩ ላይ ወደቀች። ባልደረባዬ ራሱን ያዘ። ወደ ዳር ማየት ፈራሁ።

በመኪና ስንመለስ ልጄ ያበጠ እጄን ይዞ አገላብጦ አየውና «ቦታህ ግን ልክ ነበር» አለኝ።

እናቱ ሲኒዎቿን የቆጠረችው በማግስቱ ቡና ስታፈላ ነው። አንዱ ከንፈሩ ተሸርፏል፤ ሲሊ ፖይንት የነበረው።